ከሩቅ የሚመጣ ውኃ

በነሐሴ ወር ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ወረታ እስኪደርስ፣ ከወረታም ወዲያ እስከ ርብ ድልድይ ድረስ፣ በስተግራው ተዘርግቶ የሚያጅበው የፎገራ ሜዳ ነው። በበጋ ዋልካው ተሰነጣጥቆ ከብት የሚሰማራበት ይህ ሜዳ፣ በዚህ ወር የሩዙ ማሣ ውኃ ቋጥሮ፣ የቡቃያው ልምላሜ በውኃው ላይ ከሚታየው የሰማይ ጥላ ጋር ተዋሕዶ፣ የብሱ የት እንደሚያልቅ ባሕሩም ከየት እንደሚጀምር ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል። በማሣው ውስጥ ወንዱም ሴቱም እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ አንዳንድ ስፍራም እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረሙን ይነቅላል፤ እረኞች ከብቶቻቸውን ከፍ ወዳለው ጉብታ ሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ራቅ ብሎም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በዛፎች ተከቦ ብቅ ብሎ ይታያል።

እንዲህ ባለ ቀን፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋም ሞቅ ብላ ሳለች፣ በወንዙ ዳር የሚውል ሰው አንዳች ለውጥ ያስተውላል። ጥቂት ቀደም ብሎ በመጠኑ ይወርድ የነበረው ውኃ መልኩ ይጠቁራል፤ አረፋና ጭራሮ፣ የተነቀለ ቁጥቋጦና የበቆሎ አገዳ ተሸክሞ መምጣት ይጀምራል፤ ድምፁም ይለወጣል። ባዕድ የሆነ ሰው ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ይመለከትና ደመና ስለማያይ ልቡን ያሳርፋል፤ የሜዳው ተወላጅ ግን ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ትቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ የደብረ ታቦርንና የጉናን ሰማይ ይመለከታል፤ ከዚያም ሳይዘገይ ከብቱን ያስነሣል፣ ልጆቹንም ይጠራል።

በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች አመለካከት መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ነው። የውኃ አደጋ ባለበት ስፍራ ሁሉ፣ የወንዝ ዳር ይሁን የሐይቅ ዳር ወይም የታላቁ ውቅያኖስ ዳር፣ መዓቱ የሚደርስበት ቦታና መዓቱ የሚወለድበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸውና፣ በቆመበት ስፍራ ያለውን ሰላም ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። አበው ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለታቸውም ይህንኑ በሚገባ መርምረው ነው።

የፎገራን ነገር ለማስረዳት ከሜዳው ወጥቶ ወደ ተራራው መሄድ ያስፈልጋል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ምንጫቸው ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከሚገኘው፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራና ከአካባቢው ደጋ ነው። የጣና ወለል ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ በ1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ውኃው ከምንጩ እስከ ሐይቁ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህም ቁልቁለት አብዛኛው በላይኛው ክፍል ተከማችቶ፣ ወንዞቹ ሜዳውን በረገጡ ጊዜ ግን መሬቱ ከሞላ ጎደል ዝርግ ይሆናል። በደጋው፣ ደኑ በተመነጠረበትና ቁልቁለቱ እስከ ጫፉ በታረሰበት ስፍራ የዘነበው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን አጥቶ የተሸከመውን ደለል በወንዙ ወለል ላይ ያራግፋል። ደለሉ በየዓመቱ ሲደራረብ ወንዙ ውኃውን የሚሸከምበት አካል እየጠበበ፣ ወለሉም ከፍ እያለ ይሄዳልና፣ ቀድሞ በገደቡ ውስጥ ያልፍ የነበረው ሙላት ዛሬ ዳርቻውን ጥሶ ወደ ማሣውና ወደ ቤቱ ይገባል። ወደታች ለመሸሽ ሲሞክር ደግሞ ሐይቁ ራሱ ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህም ውኃው ከፊትም ከኋላም ተይዞ በሜዳው ላይ ይተኛል።

ሐይቁም ቢሆን የራሱ የሆነ መዘግየት አለው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሰፊና ሥስ ውኃ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምቱ ያመጡለትን ሁሉ ተቀብሎ በዓባይ በኩል ቀስ እያለ ስለሚያፈስ፣ ወለሉ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት መባቻ ነው። በዓመት ውስጥ የሚወጣውና የሚወርደው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ይህም ገደላማ በሆነ ዳርቻ ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ሲሆን፣ በፎገራ በኩል ባለው ዝርግ ዳርቻ ግን ውኃው እጅግ ረጅም ርቀት ወደ የብስ እንዲገባ የሚያደርግ ነው። አበባ ባየበት መስከረም፣ ክረምቱ አለፈ ብሎ ልቡን የጣለ እንግዳ በናበጋ ወይም በዋገጠራ ዳርቻ ድንኳን ቢተክል፣ የውኃው ሥራ ገና እንዳልተፈጸመ ማወቅ ይገባዋል።

ታዲያ ይህ ሕዝብ ስለምን ከዚህ ሜዳ ለቆ አይሄድም የሚል ጥያቄ ከሩቅ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ይመጣበት ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ ጎርፉ የሚያመጣው ደለል ሜዳውን የሚያለመልመው በረከት ነውና። ሐይቁ ወደ ኋላው ሲመለስ የሚለቀውን እርጥብ መሬት ባሕር ሸሽ ብለው ጠርተው ሽምብራና ጓያ የሚዘሩበት፣ በስሙ የታወቀውን የፎገራን ከብት ያረቡበት፣ ኋላም በ1970ዎቹ ዓመታት ሩዝ ገብቶ በኢትዮጵያ በዚህ ሰብል የሚታወቅ ቀዳሚ አገር የሆኑበት፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ የተቋቋመበት ምክንያት ይኸው ውኃ ነው። የሚመግበውና የሚያሰጋው አንድ ከሆነ፣ ለሰው የሚገባው ከውኃው ጋር ለመኖር የሚያስችለውን ዕውቀት መያዝ ነው።

ዕውቀቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የ1998 ዓ.ም. ክረምት በመላ አገሪቱ አስመስክሯል። በዚያ ዓመት በሐምሌ 30 ሌሊት በድሬዳዋ፣ በላይኛው በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ አሸዋማ መሄጃ ተሰብስቦ፣ ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ በከተማይቱ መካከል አልፎ ከ250 በላይ ነፍስ አጠፋ። ደቻቱ በአብዛኛው ወራት ደርቆ የሚታይ፣ ሰው የሚሻገረው፣ በዳርቻውም የሚገበያይበት እንደ መሆኑ መጠን፣ በዳርቻው የተኙት ሰዎች የሞቱበት ውኃ እነርሱ ባላዩት ተራራ ላይ የዘነበ ነበር። ሳምንት ያህል ቆይቶ የኦሞ ወንዝ በታችኛው ሸለቆ ዳሰነች የሚኖሩበትን አገር አጥለቅልቆ ከ360 በላይ ሰዎችንና እጅግ ብዙ ከብት ወሰደ። በዚያው ክረምት ማለቂያ ርብና ጉማራ ዳርቻቸውን ጥሰው፣ ጣናም ሞልቶ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ማሣው በውኃ ተሸፈነ፣ ከብቱም ግጦሽ አጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ለመንገደኛ የሚተርፈው የመጀመሪያው ትምህርት ደራሽ ውኃን የሚመለከት ነው። በክረምት ወራት በሞላ ወንዝ ዳር የሚታይ የተለመደ ነገር አለ፤ መኪናው የቆመበት ወይም ለገበያ የቸኮለ መንገደኛ ውኃው ጉልበቱን እንደማያልፍ ገምቶ ሊሻገር ሲል፣ በዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ልጄ ብለው ጠርተው፣ ጥቂት ታገሥ፣ ይህ ገና ጫፉ ነው፣ ዋናው ከኋላ ይመጣል ይሉታል። አንዳንዱ ይሰማል፤ አንዳንዱ አባባ ጊዜ የለኝም ብሎ ይገባል። የአዛውንቱን ምክር ልኬት ያጸናዋል። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ዐዋቂን ሰው ከእግሩ ሊያነሣ ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይዞ ይሄዳል። በዚህም ላይ ውኃው የደፈረሰ በመሆኑ ከሥሩ መንገዱ ተቦርቡሮ ይሁን ድልድዩ ተሰብሮ አይታይም። የሞላ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላልና፣ መዳን በአብዛኛው ከመታገሥ የሚበልጥ ነገር አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነገር መብረቅ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዘመነ ክረምትን በየክፍሉ ለይተው ሲያስቀምጡ፣ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ጊዜ መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል የሚታሰቡበት አድርገውታል። ይህ ሥርዓት ለጸሎትና ለዜማ የተሠራ ቢሆንም፣ ሥርዓተ ተፈጥሮን ምን ያህል አስተውለው እንደ ነበር ያስረዳል፤ መብረቁና ነጐድጓዱ ቀድመው፣ ባሕሩና ወንዞቹ ተከትለው የሚጠሩበት ይህ ጊዜ በፎገራም አደጋው የሚበረታበት ጊዜ ነው። መብረቅ ዝናቡ ከሚወርድበት ስፍራ ዐሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ሊመታ ይችላል፤ በዝርግ ሜዳ፣ በሐይቅ ላይ ወይም በባሕር ዳር አሸዋ የቆመ ሰው ደግሞ ከአካባቢው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታይ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ የሚቆጠረው ጊዜ ርቀቱን ይነግራል፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና። ቁጥሩ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከውኃውና ከሜዳው ወጥቶ ወደ ጽኑ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት ወደ ሆነ መኪና መግባት፣ የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማም በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይገባል። ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል፣ የእረኞች ልማድ ቢሆንም፣ ከሁሉ የከፋው ነው።

ሦስተኛው የሐይቁ ነፋስ ነው። ጣና ማለዳ ረጋ ብሎ፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች ያለ ስጋት የሚመላለሱበት ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን መልኩን ይለውጣል። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሰፊ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱም የተቀራረበ ይሆናልና፣ ታንኳ ከአንዱ ሳይወርድ ሌላው ይመታዋል። ገዳማቱን ለመሳለም የሚሄዱ ምእመናንና ጎብኚዎች ማለዳ መነሣታቸው፣ ከቀትር በፊትም መመለሳቸው የጀልባ ነጂዎቹ የቆየ ጥንቃቄ ነው። መንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብሱ አለመሳፈር፣ ጀልባው ከመጠን በላይ ሰው ከጫነ መውረድ፣ በማታ ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ከሚወጣበት ዳርቻ መራቅ ለማንም ሊነገር የሚገባው ነው።

ከፎገራ ወጥተን ወደ ውቅያኖስ ስንመለከት ነገሩ መጠኑን ይለውጣል እንጂ ጠባዩ ያው ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ ከጎንደርና ከጎጃም የወጡ ልጆቻችን በጅቡቲ፣ በጅዳ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት በባሕር ዳር ይኖራሉ፤ በዕረፍታቸው ቀን ወደ አሸዋው ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹም ያደጉት በደጋ ስለ ሆነ ዋና አያውቁም። ለእነርሱ ማስጠንቀቅ ግዴታችን ነው። በውቅያኖስ ዳር ብዙ ዋናተኛ የሚያጠፋው ከፍ ብሎ የሚታየው ማዕበል ሳይሆን፣ ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ በጠባብ መተላለፊያ ተሰብስቦ ወደ መካከል የሚመለስበት ወራጅ ነው። ይህ ወራጅ ባለበት ስፍራ ማዕበሉ አይሰበርምና፣ ከግራና ከቀኙ ይልቅ ጸጥ ያለ መስሎ ይታያል፤ ልምድ የሌለውም ሰው ለመግባት የሚመርጠው ይህንኑ ጸጥታ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ በኃይል ተቃውሞ ወደ ዳር ለመዋኘት የሚታገል ሰው ደክሞ ይሰጥማል። የሚያድነው አለመደንገጥ፣ በጀርባ ተንሳፍፎ እጅን በማንሣት ርዳታ መጥራት፣ ዋና የሚችል ከሆነም ወራጁን ትቶ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን መዋኘት፣ ከወራጁ ከወጣ በኋላ ወደ ዳር መመለስ ነው። ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለባቸው ዳርቻዎች ጠባቂዎች አሉና በባንዲራዎቹ መካከል ብቻ መዋኘት፣ ጀርባንም ለባሕሩ አለመስጠት ይገባል።

የሩቁን ምንጭ ነገር ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ማለዳ በሱማትራ አጠገብ በባሕር ሥር የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ሱናሚ 230,000 ያህል ሰዎችን ሲያጠፋ፣ ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የጎረቤታችንን የሶማሊያን ሐፉን መታ፤ በሶማሊያ ዳርቻም ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። የሐፉን ዓሣ አጥማጆች ምድሪቱ ስትንቀጠቀጥ አልተሰማቸውም፤ ሰማዩም አልጠቆረም። ሰባት ሰዓት ለማስጠንቀቂያ የሚበቃ ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያውን የሚያደርስ አልተገኘም። በአንጻሩ ለመንቀጥቀጡ እጅግ ቅርብ በሆነችው በሲሜሉ ደሴት ከ70,000 በላይ ሕዝብ ሲኖር የሞቱት ሰባት ብቻ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. የደረሰባቸውን መዓት አያቶች ለልጅ ልጅ ሲነግሩ ኖረው ነበርና፣ ምድር በብርቱ ስትናወጥ፣ ባሕሩም ወደ ኋላው ሲሸሽ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ኮረብታ መሮጥ እንደሚገባ ሕፃኑ ሁሉ ያውቅ ነበር። በሌላው አገር ግን ባሕሩ ሸሽቶ የተገለጠውን ወለል ለማየት፣ ዓሣውንም ለመልቀም ወደታች የወረዱት ብዙዎች ናቸው።

ውኃው ከሄደ በኋላም አደጋው አይፈጸምም። በፎገራ ጎርፍ ሲጎድል የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ጉድጓዱና ምንጩም ስለሚበከል ያልፈላ ውኃ የጠጣ ሁሉ ለሆድ በሽታ ይጋለጣል። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል መግደሉ እንደ ተገመተ ለሚያስታውስ፣ ከክረምት በኋላ ያሉት ወራት ለምን እንደሚያስፈሩ ግልጽ ነው። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ወደ ጣና ዳርቻ የሚሄድ ሰው አጎበር መያዝ፣ ትኩሳት ከተሰማውም ሳይዘገይ መመርመር ይገባዋል፤ ከዳርቻው ረጋ ባለ ውኃ ውስጥ መዋኘትም ለቢልሃርዝያ ስለሚያጋልጥ አይመከርም።

መንግሥትና ባለሙያዎች ያደረጉት ነገር የለም ማለት አይቻልም። በርብ ላይ ከሜዳው በስተላይ የተሠራው፣ ከፍታው 73 ሜትር ገደማ የሆነው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የመያዝ ዐቅም ያለው ሲሆን፣ ለመስኖ ከሚሰጠው ጥቅም በተጨማሪ የሙላቱን ኃይል ያስታግሣል። ይሁን እንጂ ግድብ ከበላዩ ያለውን እንጂ ከበታቹ የሚገባውን ገባር አይገታም። ግድብ አለ ብሎ ወደ ወንዙ የተጠጋ ሰው ስለዚህ ከቀድሞው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም በየክረምቱ መግቢያና በየዐሥሩ ቀን ትንበያ ያወጣል፤ ትንበያው ግን በናበጋና በሺና ማሣ ውስጥ ላለ ገበሬ በቋንቋውና በሰዓቱ ካልደረሰው ከወረቀት አያልፍም።

ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት የሰው ለሰው ግዴታ ነው። ዝናቡ በጉና ከወረደ በኋላ ሙላቱ ሜዳ እስኪደርስ ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ድምፅ ግን በስልክ በቅጽበት ይደርሳል። በደብረ ታቦርና በእብናት ያለ ሰው ወንዙ ያልተለመደ ሙላት መሙላቱን ሲያይ በፎገራና በሊቦ ላለ ዘመዱ፣ ለቀበሌው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቢደውል፣ በዚያም ደወል ቢመታ፣ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ወደ ጉብታው ለመውጣት በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል። ማየ አይኅ ከመምጣቱ በፊት ኖኅ መርከቡን የሠራው ገና ዝናብ ሳይዘንብ እንደ ነበር የምናነብ ሕዝብ፣ ዝግጅት ከጥፋት እንጂ ጥፋት ከዝግጅት ሊቀድም እንደማይገባ ለማመን አንቸገርም።

ስለዚህ ወደ ማንኛውም ውኃ ዳር የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ውኃ ከወዴት ይመጣል፣ በዚያስ ዛሬ ምን ሆኗል፣ ቢመጣ የምወጣበት ከፍታ የቱ ነው? ይህንንም በዚያ ስፍራ ተወልዶ ላደገ ሰው ያቅርብ፤ መልሱንም ከራሱ ግምት ያስቀድም። በላይ የሚኖረው ደግሞ የሚዘንብበት ዝናብ የታችኛው ወንድሙ ጉዳይ መሆኑን ይወቅ፤ ቁልቁለቱን በእርከንና በዛፍ ቢጠብቅ ደለሉን ያስቀራል፣ ያየውን ቢናገር ነፍስ ያድናል። ጉናና ፎገራ በአንድ ወንዝ የተያያዙ እንደ ሆኑ፣ ሕዝቦቻቸውም በአንድ ጥበቃ መያያዝ አለባቸው፤ ይህንን ለመጀመር ደግሞ ከሚመጣው ሰኔ የተሻለ ጊዜ አይጠበቅም።